ባቡር የሚያመልጠው ከተማ

በመስመሩ ሁሉ ባቡር የሚያመልጠው ሰው የበዛበት ከተማ ሚልኪ ነው ተብሎ አዲስ አበባ ድረስ ስማችን ጠፍቷል። ያወራብን ጣቢያው ራሱ ነው። ጣቢያ አይዋሽም፤ ያየውን ነው የተናገረው። ያየው ነገር አልገባውም እንጂ።

ሸምሱ እባላለሁ። ከትምህርት ጋር አራተኛ ክፍል ላይ ተጣልተን እስካሁን አስታራቂ አልተገኘም። ስራዬ ከሙቀቱ ሰዓት እላፊ በፊት ለየቤቱ ውሃ በጋሪ ማድረስ ነው። ረፋድ ላይ ሳይረኑ ሲጮህ ሰውም ፍየልም ይገባል፤ እስከ አስር ሰዓት ድረስ ውጭ የተገኘ ወይ ጅል ነው ወይ ሬሳ ይሆናል። ድሮ ሰዎች በቀትር ኳስ ይጫወቱ ነበር ይላሉ። ሽማግሌ ሲያወራ እኔ ዝም ብዬ ነው የምሰማው።

ባቡሩ ደግሞ ከተወለድኩ ጀምሮ በሚልኪ ያልፋል እንጂ ቆሞ አያውቅም። ሹው ይላል፣ አለቀ። ለኛ የሚደርሰን ነፋሱ ነው። ነፋሱ የተሰጣ ልብስ ጠራርጎ ስለሚሄድ የጎረቤትህን ሱሪ ለብሰህ መገኘት እኛ ጋ ነውር አይደለም። የድሮው የመንገደኛ ጣቢያ በድንጋይ የተሠራ ነው፤ ጣሪያው ወርዶ ፍየል የሚወልድበት ቤት ሆኖ ነበር።

አንድ ጠዋት ፎርማኑ መጣ።

ስሙን ያወጣንለት እኛ ነን። ሲኖትራክ የሚያህል፣ ስድስት እግር ያለው ማሽን ነው፤ ሀዲዱን ተከትሎ በእግሩ መጣ። ከኋላው ዶሮ ዶሮ የሚያካክሉ ትንንሽ ማሽኖች ተንጋግተው ይከተሉታል፤ እነሱን የቀን ሠራተኞቹ አልናቸው። ሰው የሚባል አብሮት የለም። ጣቢያው ፊት ቆመና ቀኑን ሙሉ ዝም ብሎ አየው። ሳይረኑ ጮኸ፣ ሁላችንም ገባን፣ እሱ እዚያው ፀሐይ እየጠበሰው ቀረ። በመስኮት ሳየው ዋልኩ። አንድን ነገር እንደዚያ አድርጎ የሚያይ ፍጡር አይቼ አላውቅም።

በማግስቱ ማፍረስ ጀመረ። ማፍረስ ስል እንደ ዶዘር እንዳይመስላችሁ። ድንጋዩን አንድ በአንድ ፈታው፣ አጠበው፣ አገላብጦ አየው፣ መሬት ላይ በተራ ደረደረው፤ ከዚያ ሁሉንም በየቦታው መልሶ ገጠመው። የድሮ ባቡር ጭስ ያጠቆረውን ግድግዳ እንኳ ጥቁረቱን አልነካበትም።

አንድ ድንጋይ ላይ ሲደርስ ግን ቆመ። በቢላ ተጽፎበታል፤ ከድር እና ወይንሸት ይላል። ፎርማኑ ድምፁ ከሆዱ ነው የሚወጣው፤ አማርኛው የዜና አንባቢ ነው።

«ይህ ጽሑፍ ወደ ውጭ ይዙር ወይስ ወደ ውስጥ?» ብሎ ሰፈሩን ጠየቀ።

ወይንሸት አሁን የጋሽ ደምሰው ሚስት ናት። ጋሽ ደምሰው ጡረታ የወጣ የሲኖትራክ ሾፌር ነው፤ ዛሬም የሚያወራው በሞተር ድምፅ ላይ እንደሚጮህ ሰው ነው።

«ወደ ውስጥ!» አለ ጋሽ ደምሰው።

«ወደ ውጭ!» አለች እትዬ ወይንሸት።

ፎርማኑ ትንሽ አሰበ። ድንጋዩን ወስዶ ማዕዘኑ ላይ አጋድሞ አስገባው። ከውጭ ወይንሸት ብቻ ይነበባል፣ ከድር ግድግዳው ውስጥ ገባ። ባልም ሚስትም ረክተው ገቡ። እኔ ዳኛ ብሆን ከዚያ የተሻለ አልፈርድም።

ግንባታው ሊያልቅ ሲል ከአዲስ አበባ ኢንጂነር ትርሲት መጣች። አጭር ናት፣ ፈጣን ናት፣ ባርኔጣዋ ከትከሻዋ ይሰፋል። ሰብስባ ነገረችን። ለስድስት ሳምንት ባቡሩ ጠዋትና ማታ ይቆምልናል፣ በነፃ። ጣቢያው ሰዉን እያየ የጎደለውን ያስተካክላል። መጨረሻ ላይ ይህ ጣቢያ ይሠራል ብሎ ካመነ ባቡሩ መቆሙን ይቀጥላል። ካላመነ ፎርማኑ ጣቢያውን ፈትቶ ወደሚቀጥለው ከተማ ይወስደዋል።

«የሚያምነው ማነው?» አልኳት።

«እሱ» ብላ ወደ ግድግዳው ጠቆመች።

«አንቺስ?»

«የኔ ስራ እሱ የወሰነውን ማስረዳት ነው። መወሰን ስራዬ ላይ የለም።» ይሄን ስትል ፊቷ ላይ ምንም የለም፤ ነገ ፀሐይ ነው እንደሚል ሰው ናት።

ነገሩ ከሁሉም በላይ የነካው የእኛን ቤት ነው። ታላቅ እህቴ ሂክማ አዋላጅ ነርስ ናት፣ ድሬ ስራ አግኝታለች። እናታችን ስትሮክ ከመታት ወዲህ የምትናገረው የሚገባው ለሂክማ ብቻ ነው። ውሃ ስትል እኔ ብርድ ልብስ አመጣለሁ፤ ብርድ ልብስ ስትል ጎረቤት እጠራለሁ። ባቡሩ ከቆመ ሂክማ ጠዋት ሄዳ ማታ ትመለሳለች። ካልቆመ ወይ ስራዋን ትተዋለች፣ ወይ እናታችን ከኔ ጋር ትቀራለች። ከኔ ጋር መቅረት ምን ማለት እንደሆነ እናቴ ከማንም በላይ ታውቃለች።

የመጀመሪያው ቀን ሂክማ ነጭ ጋውኗን በፌስታል ይዛ ወጣች። ሚልኪ ውስጥ ደግሞ ሰው ብቻውን መንገድ አይወጣም። እንግዳ ሲሄድ ከተማው ጫፍ እስካለው ድልድይ እንሸኘዋለን፤ እሱ ደግሞ ይሉኝታ ይዞት ትንሽ ይመልሰናል፤ እኛ ደግሞ እንዴት ብቻውን ብለን እንደገና እንሸኘዋለን። አንድ አጎቴ ለምሳ መጥቶ ሽኝቱ ሁለት ቀን ፈጅቷል። እና እኔ ቦርሳዋን ያዝኩላት፣ በራችን ላይ እትዬ ወይንሸት ተቀላቀለች፣ ከጥጉ ጋሽ ደምሰው፣ ከዚያ ስሟን እንኳ የማያውቁ ሰዎች። ጣቢያ ስንደርስ ግማሽ ከተማው ነበርን።

ባቡሩ ቆመ። ወላሂ ቆመ። በሩ ተከፈተ፣ ሂክማ ገባች፣ እኛ እጃችንን አወዛወዝን።

በሩ አልተዘጋም።

«ቀሪ ተሳፋሪዎች እባካችሁ ግቡ» አለ ጣቢያው። ድምፁ የፎርማኑ ድምፅ ነው፤ አንድ ናቸው።

እኛ ማወዛወዝ።

«ቀሪ ተሳፋሪዎች...»

«ኧረ ሂድ አቦ!» አለው ጋሽ ደምሰው። «ልጅቷን ከስራ ልታስቀራት ነው እንዴ?»

የዚያን ቀን ማታ ጣቢያው ለያንዳንዳችን ደወለ።

«ሸምሱ፣ ባቡሩ አመለጠህ። አዝናለሁ። ምን ላስተካክል?»

እኔ መልስ አላጣም። በሩ ጠበበኝ አልኩት፤ ወገቤ በሁለት እጅ መዳፍ የሚያዝ ሰው። ጠዋት በሩ ሰፍቶ አገኘነው። ወንበሩ አይመችም አልኩት፤ ከስሩ ቀዝቃዛ ውሃ የሚሄድበት፣ ጋደም የሚያስብል ድንጋይ ሠራ። እድሜ ልኬን እንደዚያ የተመቸ ነገር ላይ ተኝቼ አላውቅም። ፍየሌ ደረጃ አትወጣም አልኩት። ፍየል የለኝም። ለፍየል የሚሆን ለስላሳ መውጫ ሠራ። ዥዋዥዌ ጠየቅኩ፣ የአዋቂ ዥዋዥዌ ሰቀለልኝ። እትዬ ወይንሸት መስታወት አለች፣ በቁመቷ ልክ አቆመላት። ጫት ቃሚዎቹ ጥላ አሉ፣ ፀሐይን እየተከተለ የሚዞር ጥላ አገኙ። አንድም ቀን ይሄ ልጅ ያሾፋል አላለም። በሕይወቴ የተናገርኩትን ሁሉ የምር አድርጎ የሰማኝ እሱ ብቻ ነው።

ሲያይህ ደግሞ ያይሃል። «ሸምሱ፣ ዛሬ ግራ እግርህን ትጎትታለህ። መንገዱ ነው ወይስ ጫማህ?» ይለኛል። እናቴ እንኳ እንደዚያ አታየኝም። አንዳንዴ ደስ ይለኛል። አንዳንዴ ደግሞ በጓሮ ዞሬ ነው ቤቴ የምገባው።

ሙከራው ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ኢንጂነር ትርሲት ተመልሳ መጣች። ከባቡሩ ስትወርድ እኛ ሂክማን ስንሸኝ ደረሰች። በሩ እስኪዘጋ ጠበቀችና ዞረችብን።

«ምንድነው የምታደርጉት? ከሚመጣው ሰው የሚሳፈረው አንድ ነው። አንድ! ሌላው መጥቶ፣ ቆሞ፣ ሳይሳፈር ይመለሳል። ጣቢያው የሚያውቀው መሳፈሪያው ላይ የቆመ ሰው መሄድ የፈለገ ሰው መሆኑን ነው። እናንተን ማሳፈር አቅቶኛል እያለ ነው። በሩን አሰፋ፣ አልሆነም። ጥላ ሠራ፣ አልሆነም። ጭራሽ ዥዋዥዌ ሠርቷል! ማነው ዥዋዥዌ ያለው?»

እኔ ሰማይ አየሁ።

«እኛ እኮ ሸኚዎች ነን» አላት ጋሽ ደምሰው።

«ሸኚ የሚባል ነገር አያውቅማ! ሌላ ቦታ ሰው ወደ ጣቢያ የሚመጣው ብቻውን ነው።»

ለሌላው ቦታ አዘንን።

«ስለዚህ እስከ ውሳኔው መንገደኛው ብቻ ይምጣ» አለች። «በቃ። ሌላ መላ የለኝም።»

ተስማማን። ሁላችንም እጃችንን አውጥተን ተስማማን።

በማግስቱ ሂክማ ቦርሳዋን ራሷ ይዛ ወጣች። በሩ ላይ ሆኜ ደህና ዋይ አልኳት፤ ዞር አላለችም። ከሩቅ ስትታይ ከቤት ተጣልታ የምትሄድ ሰው ትመስላለች። አላስቻለኝም። በጓሮ ሮጥኩና ከጣቢያው አጥር ኋላ ጎንበስ አልኩ። ሰው ረገጥኩ።

«ውረድልኝ!» አለኝ ጋሽ ደምሰው በሹክሹክታ። የሱ ሹክሹክታ ድሬ ይሰማል።

«ጋሼ፣ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«አንተስ?»

ቀና ብዬ ሳይ አጥሩን ተከትሎ ግማሽ ከተማው ቁጢጥ ብሏል። እትዬ ወይንሸት ሻርፗን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ሳቋን ታፍናለች።

ባቡሩ ቆመ። ሂክማ በሩ ጋ ደርሳ ባዶውን መሳፈሪያ ዞራ አየችው። ያኔ ፎርማኑ ከተኛበት ተነሳ። ቀስ እያለ ወደ አጥሩ መጣና አንዱን ክፍል ነቅሎ ወደ ጎን አስቀመጠው። ቀጥሎ ሌላውን። በጣም በትህትና፣ አቧራ እንኳ ሳያስነሳ። ሲጨርስ ሚልኪ ቁጢጥ እንዳለ ሜዳ ላይ ቀረ።

«ይቅርታ» አለ ፎርማኑ። «አጥሩ እንደከለከላችሁ አልተረዳሁም ነበር። አሁን ግቡ።»

ሂክማ ሳቀች፣ ከዚያ ማልቀስ ጀመረች፣ በሩ ተዘጋ።

ኢንጂነር ትርሲት ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ፊቷን በባርኔጣዋ ሸፍናለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አለቀሰች ብዬ ሄድኩ፤ ቀና ስትል እየሳቀች ነው፣ ግን እንባም አለ።

«አበቃ» አለች። «ነገ ማታ ይወስናል። አሁን ደግሞ አጥር ስር ያመለጣቸው ተጨመሩ።»

ማታ እራት ላይ ሂክማ ጋውኗን አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ ከተተችው። «ስራውን እተወዋለሁ» አለች። እናታችን ከአልጋዋ ሆና አንድ ነገር ተናገረች፣ ደገመችው፣ ተቆጣች።

«ምን አለች?» አልኩ።

«አትተዪ፣ ሂጂ ነው የምትለው» አለች ሂክማ። ዳቦዋን አልነካችውም።

ወጥቼ ጋሽ ደምሰው ቤት ሄድኩ። እግሩን እየታጠበ ነበር።

«ጋሼ፣ ሂክማን የምንሸኛት እስከ የት ነው?»

«እስከ ጣቢያ ነዋ።»

«ስራዋ ግን ጣቢያ አይደለም። ድሬ ነው።»

እግሩን ከውሃው አወጣ። «ሁላችንም?»

«ነፃ ነው እኮ! በሩንም አስፍቼዋለሁ።»

«በእላፊው ሰዓት የት እንውላለን?»

«ድሬ ዘመድ የሌለው የሚልኪ ሰው ጥራልኝ እስቲ።»

ጋሽ ደምሰው አሰበ፣ አሰበና ተነሳ። «ወይንሸት! ጫማዬን!»

«ገና ማታ ነው እኮ አንተ ሰውዬ!» አለችው።

ጠዋት ሚልኪ እንዳለ ወጣ። እናቴን ራሱ ውሃ በማደርስበት ጋሪ ላይ ፍራሽ አንጥፌ ጫንኳት። ጋሪው ደረጃ አይወጣም፤ የፍየሉ መውጫ ላይ ግን እንደ ቅቤ ወጣ። ሂክማ ምን እንደሆነ ሳይገባት በሰው ተገፍታ ገባች። ከኋላዋ ሁሉም ገባ። መሳፈሪያው ላይ የቀረችው ኢንጂነር ትርሲት ብቻ ናት፣ አፏን ከፍታ።

«ሁሉም ተሳፍረዋል» አለ ጣቢያው። «ሁሉም» ብሎ ደገመ።

ባቡሩ ውስጥ ጋሽ ደምሰው መንገዱን ሙሉ ኩርባ ሲመጣ ፍሬን ይረግጣል፣ በባዶ ወለል ላይ። ድሬ ስንደርስ ሂክማን መሃል አድርገን እስከ ሆስፒታሉ በር ሄድን። ዘበኛው ባርኔጣውን አወለቀ።

«ማን ነው የሞተው?»

«ማንም አልሞተም» አለው ጋሽ ደምሰው። «ስራ ልናስገባት ነው።»

ሂክማ ፊቷን በጋውኗ ሸፍና ሮጠች። ግን በሩን ካለፈች በኋላ ዞር አለች። አየኋት።

ሳይረኑ ሳይጮህ ሁሉም ወደየዘመዱ ቤት ገባ። ማታ ስንመለስ ታዲያ ዘመድ ዝም ብሎ ይልካል? አክስቶች፣ የአክስት ልጆች፣ የአክስት ልጆች ጓደኞች፣ ሁሉም እስከ ጣቢያ ሸኙን። በሩ ሰፊ፣ ባቡሩ ነፃ። «ትንሽ እንሸኛችሁ» ብለው ገቡ። ሚልኪ ላይ የወረደው ሰው ጠዋት ከተሳፈረው እጥፍ ነበር። ሂክማም መሃላቸው አለች፣ ሦስት አክስቶች አቅፈዋት።

ኢንጂነር ትርሲት ግድግዳው ጋ ቆማ ጠበቀችኝ።

«ወሰነ?» አልኳት።

«አልገባውም። አንተን ልጠይቅ አለ። አደራህን፣ ዛሬ እንዳታሾፍ።»

«ሸምሱ» አለኝ ጣቢያው። «ሁሉም ሄዶ ሁሉም ተመለሰ። የሄዱበት ጉዳይ ምን ነበር?»

አፌ ላይ የተዘጋጀ ውሸት ነበረኝ፣ ቆንጆ ውሸት። ሂክማ ግን እያየችኝ ነው።

«ሂክማ ብቻዋን እንዳትሄድ ነው።»

«ሂክማ መንገዱን አታውቅም?»

«ታውቃለች።»

«ታማለች?»

«ኧረ ደህና ናት።»

«ታዲያ ምን ይጨምርላታል?»

እንደዚህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። «እንጃ» አልኩት። «ስትሄድ ዞር ብላ የምታየው ሰው ይኖራታል።»

ጥላው መዞሩን አቆመ።

«አጥር ስር የነበሩትም?»

«እነሱም።»

«አላመለጣቸውም።»

«እኛን ባቡር አምልጦን አያውቅም!» ብሎ ጮኸ ጋሽ ደምሰው ከኋላዬ።

«እንግዲያው» አለ ጣቢያው፣ «የጎደለው ሌላ ነገር ነው።»

ኢንጂነር ትርሲት ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። «ባቡሩ ይቆማል ማለት ነው» አለች። «ይሄን ሲል የሚያስተካክለው ነገር አግኝቷል ማለት ነው። የሚፈታው ጣቢያ ላይ ድንጋይ አይጨምርም።» ከዚያ የአዲስ አበባ ሴትዮ እልል ስትል ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። አትችልበትም።

ፎርማኑ ሥራ ጀመረ፤ በእላፊው ሰዓትም አላቋረጠም። ከመሳፈሪያው ጫፍ ጀምሮ ሀዲዱን ተከትሎ እስከ ድልድዩ የሚደርስ የድንጋይ መንገድ አነጠፈ፣ ሰፊ፣ ጥላ ያለው፣ ለጋሪ የሚሆን። ሲያልቅ ምን እንደሆነ አልገባንም ነበር። ጠዋት ሂክማ ተሳፈረች፣ በሩ ተዘጋ፣ ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። በሰው እርምጃ። ያ እድሜዬን ሙሉ ሹው ብሎ ያለፈን ባቡር ከእትዬ ወይንሸት ጋር እኩል ይራመዳል። ሂክማ በመስኮት፣ እኛ በመንገዱ፣ እያወራን እስከ ድልድዩ ሄድን። እዚያ ሲደርስ ሁላችንም መቆማችንን አየ መሰለኝ፣ ከዚያ በኋላ ነው የበረረው። ዛሬም እንደዚያ ነው የሚሄደው። ኢንጂነር ትርሲት ሌሎች ጣቢያዎችም እንደዚያ ዓይነት መንገድ መሥራት ጀምረዋል ትላለች፤ ሰዎቹ ለምን እንደሆነ ገና አልገባቸውም አሉ።

ፎርማኑ የሄደው አንድ ቀን አስር ሰዓት ላይ ነው፣ ሳይረኑ እላፊው ማለቁን ሲነፋ። የቀን ሠራተኞቹን አሰልፎ ተነሳ። እኛ ደግሞ ወጣን።

ቆመ። «ምን ጎደለ?»

«ምንም» አልኩት። «ልንሸኝህ ነው።»

እስከ ድልድዩ ወሰድነው። እናቴ ጋሪው ላይ ናት፣ አንዱ የቀን ሠራተኛ እግሯ ስር ተጭኖ ይሄዳል። ድልድዩ ላይ ቆመን እጃችንን አወዛወዝን። ትንሽ ሄደ፣ ቀስ አለ፣ ቆመ። ያን ሁሉ ብረት አዞረና ተመልሶ መጣ።

«ምን ረሳህ?» አለው ጋሽ ደምሰው።

«የረሳሁት የለም» አለ ፎርማኑ። «መንገዱ ለእናንተም ሩቅ ነው። ትንሽ ልመልሳችሁ።»

እስከ ጣቢያው መለሰን። በሩ ላይ ሲደርስ ደህና ሁኑ ብሎ ዞረ።

«እንዴ፣ ብቻውን ሊሄድ ነው?» አለ ጋሽ ደምሰው፣ ዱላውን እያነሳ።

እናቴ ከጋሪው ላይ አንድ ነገር አለች። ሂክማ ገና ከድሬ አልተመለሰችም፣ የሚያስረዳኝ ሰው የለም። ግን ገባኝ። «ዛሬ ቤት አንገባም» ነው ያለችው። ጋሪውን አዞርኩት።